እርሻ ልጀምር ለምትሉኝ ልጆቼ

ሰሞኑን ደጋግማችሁ የምትጠይቁኝ ጥያቄ አለ። «ጋሼ፣ ከቤተሰብ ትንሽ መሬት አግኝቻለሁ። ናቹራል እርሻ፣ ማለትም ያለ ኬሚካል፣ መሥራት እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄው ደስ ይለኛል። በእኛ ጊዜ ግብርና የተማረ ልጅ ቢሮ እንጂ ጓሮ አይመኝም ነበር።

እኔ ሠላሳ ዓመት በግብርና ባለሙያነት ሠርቼ ጡረታ ወጥቻለሁ። አሁን ከሐዋሳ ወጣ ብሎ፣ ቱላ በኩል፣ ሩብ ሄክታር በማትሞላ ግቢ ከባለቤቴ ጋር እንኖራለን። እንሰት አለን፣ ቡና አለን። ጥቂት አቮካዶ፣ የጎመን መደብ፣ አንዲት ላም፣ ዶሮዎችና ሦስት ቀፎ ንብ አሉን። የምነግራችሁ በአብዛኛው እዚህች ግቢ ውስጥ የተማርኩትን ነው።

መጀመሪያ ጥፋቴን ልንገራችሁ። ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ጎመኔን ክሽክሽ የሚባለው ጥቃቅን ተባይ ወረረው። የቅጠሉ ጀርባ ግራጫ ዱቄት የተነሰነሰበት ይመስል ነበር። ተናደድኩ። ፓምፑን አዘልኩና በጠራራ ፀሐይ ማላታይን የሚባለውን የተባይ መርዝ ረጨሁ። ለዘር ብዬ የተውኳቸው ጎመኖች አብበው ነበር፤ ቢጫው አበባ ላይ ንቦቼ ይሠራሉ። አይቻቸዋለሁ። ቶሎ ልጨርስ ብዬ ነው የቀጠልኩት።

በማግስቱ ጠዋት ከቀፎው ሥር ያለው መሬት በሞቱ ንቦች ተሸፍኖ አገኘሁት። አንዳንዶቹ ገና ነፍሳቸው አልወጣችም፤ በጀርባቸው ተገልብጠው ይሽከረከራሉ። አንዷን አንስቼ መዳፌ ላይ አደረግኋት። ምላሷ ወጥቷል። እግሯ ላይ የጎመን አበባ ቢጫ ብናኝ እንደተጣበቀ ነው። ለስንቱ ገበሬ «ንብ በተሰማራበት ሰዓት አትርጭ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ያን ቀን ቁርስ አልበላሁም።

ክሽክሹ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰ። እሱን እየበሉ የሚያሳንሱልኝን ነጠብጣብ ጥንዚዛዎች አብሬ ፈጅቻቸው ነበር። ዛሬ በየጠዋቱ ቅጠሉን ገልበጥ አድርጌ አያለሁ። ጥቂት ከሆነ በጣቴ እደፈጥጠዋለሁ። በዛ ካለ ቀጠን ያለ የሳሙና ውሃ ከቅጠሉ ጀርባ እረጫለሁ። በጣም የተያዘውን ቅጠል ቆርጬ ከመደቡ አወጣለሁ። ይሄ ሁሉ የሚሠራው ግን በጊዜ ከደረስኩ ብቻ ነው። አንድ ሳምንት ከጠፋሁ ሳሙናም አያድነኝም። ስለዚህ ናቹራል እርሻ ስትሉኝ እኔ መጀመሪያ የምጠይቃችሁ ጠዋት ጠዋት እዚያ መገኘት ትችሉ እንደሆነ ነው። ብዙ ጊዜ መርዝ የሚያስገዛን ዘግይተን መድረሳችን ነው።

ወደ እንሰቱ ልውሰዳችሁ። ወጣቶች እንሰት አይጥማችሁም፤ ቶሎ ብር አያመጣማ። እውነት ነው፤ ተፍቆ ቆጮ እስኪሆን ከ4 እስከ 7 ዓመት ሊወስድ ይችላል። በዙሪያችን ስንቱ ጓሮ እንሰቱ ተነቅሎ ጫትና ባህር ዛፍ ገብቶበታል። በነቀለው ሰው አልፈርድም። የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ ያን ሁሉ ዓመት አይጠብቅም። ነገር ግን ግቢያችሁን ቁጭ ብላችሁ እዩት። የእንሰቱ ጥላ ቡናውን ይጋርዳል። ቅጠሉ በበጋ፣ ሣር ሲደርቅ፣ ላሟን ይይዛታል። የላሟ ፍግ ተመልሶ እንሰቱ ሥር ይገባል። እንሰቱን የነቀለ ሰው በጋ ላይ መኖ ይገዛል። መኖው ሲወደድበት ላሟን ይሸጣል። ላሟ ስትሄድ ፍጉ አብሮ ይሄዳል። ቀጥሎ ያለው ማዳበሪያ ፍለጋ መሰለፍ ነው። ጫትም ትከሉ ባህር ዛፍ፣ የእንሰቱን መደብ ግን አደራ አትጨርሱት።

እንሰትን በደንብ ያወቅሁት ከትምህርት ቤት ይልቅ ከጎረቤታችን ነው። በዕድሜ የሚበልጡኝ የሲዳማ እናት ናቸው። አንድ ቀን የአንዱ እንሰት መሀል ቅጠል ጠውልጎ አየሁ። ውሃ ጥም መስሎኝ ነበር። እሳቸው ግንዱ አጠገብ ቆረጥ አድርገው አሳዩኝ፤ ከቁርጡ ላይ ቢጫማ ፈሳሽ ጠብ ጠብ ማለት ጀመረ። አጠውልግ የሚባለው የእንሰት በሽታ ነው። ነቅለን፣ ከታትፈን፣ ከሌሎቹ ራቅ አድርገን ቀበርነው። ከዚያ እኔ በዚያው ቢላዋ ለላሟ ቅጠል ልቆርጥ ወደሚቀጥለው እንሰት ስሄድ እጄን ያዙኝ። «እንዳትነካ! መጀመሪያ እሳት ይየው» አሉኝ። ቢላዋውን ተቀብለው ምድጃው ውስጥ እያገላበጡ አቆዩት። ትክክል ናቸው። ባክቴሪያው በቢላዋ ከአንዱ ወደ ሌላው ይሻገራል፤ ከያዘው በኋላ የሚያድን የሚረጭ መድኃኒት የለም። ቢላዋ ስትዋሱ ይሄን አትርሱ። አዲስ ችግኝም ስታመጡ በሽታ ከሌለበት ጓሮ ይሁን።

አሁን የሚያሳስበኝን ልናገር። አንዳንዶቻችሁ ናቹራል የሚለውን ቃል አጥብቃችሁ ይዛችሁት ከብቱን ረስታችኋል። አምና አንድ ጎበዝ ልጅ መጥቼ ላሙን እንድመለከትለት ጠራኝ። በአንድ በኩል ጡቷ አብጧል፤ ወተቷ እየረጋ ይወጣል። አራት ቀን ቅጠል ሲቀባ ቆይቷል። «መድኃኒት አላስወጋትም ጋሼ፣ ደንበኞቼን ናቹራል ነው ብያቸዋለሁ» አለኝ። እጄን ሳስጠጋ ጡቷ እንደ ድንጋይ ጠጥሯል፣ ይፋጃል። ላሟ ከሕመሙ የተነሳ እግሯን ታነሳለች። ሐኪም አስጠራን፣ ታከመች፣ ዳነች። ያ አንዱ ጡቷ ግን ከዚያ በኋላ ወተት አልሰጠም። በመጀመሪያው ቀን ቢጠራ ይተርፍ ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከብት ሲታመም ይታከም። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ ያዘዛችሁ ቀን እስኪያልቅ ወተቱን አትሽጡ፤ ቤት ውስጥም አትጠጡት። ለደንበኛችሁ «ላሜ ታማ መድኃኒት ወስዳለች፣ ይሄን ያህል ቀን ወተት የለም» በሉት። ይከፋው ይሆናል። የሚገባው ሰው ተመልሶ ይመጣል።

ስለ ገንዘቡ በአጭሩ፦ ደሞዝ ያለው ሥራ ካላችሁ መጀመሪያ አካባቢ አትልቀቁት። ተበድራችሁ በአንዴ አምስት መቶ ጫጩት አታስገቡ፤ ሃያ አሳድጉና መኖው ስንት እንደሚፈጅ በደብተር ጻፉ። እኔ ደብተር የጀመርኩት ዘግይቼ ነው፣ ይቆጨኛል።

ዘንድሮ የጎረቤታችን ልጅ አጥሩን ተጠግቶ ቲማቲም ተክሏል። ዝናብ ሲደጋገም የቅጠል በሽታ ይመታዋል፤ መርጨቱ አይቀርለትም። ተው አላልኩትም። ወስጄ ቀፎዎቹን አሳየሁት፣ የዚያን ጠዋቱን ነገር ነገርኩት። ባለፈው ማክሰኞ ምሽት አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ፓምፑን አዝሎ አጥሩ ጋ ቆመ።

«ጋሼ፣ ገብተዋል?»

ሄጄ የቀፎዎቹን አፍ አየሁ። አንዳንዶቹ ገና ከውጭ እየመጡ ነው።

«ትንሽ ቆይ» አልኩት። ፓምፑን አውርዶ ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።