«ዲጂፔን ካልሆነ አልማርም» ያለው ልጅ

ጥያቄ፦ ልጄ ዘንድሮ 11ኛ ክፍል ነው። የቪዲዮ ጌም ሥራ እማራለሁ፣ እሱም ሬድመንድ የሚገኘው ዲጂፔን ካልሆነ ሌላ ኮሌጅ አልገባም ብሎናል። ክፍያውን ሳይ ደነገጥሁ። እናቱ ደግሞ «ለመጫወት ኮሌጅ ይገባል እንዴ?» ብላ ተቆጥታለች። ለመሆኑ ይህ ትምህርት ነው? የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ቢገባስ ሙያውን አያገኘውም?
አባት፣ ከኬንት፣ ዋሽንግተን

መልስ፦ ወንድሜ፣ አስቀድሜ ለባለቤትዎ ልመልስ። ለመጫወት ኮሌጅ አይገባም። ጌም ለመሥራት የሚማር ልጅ የሚውለው ከማትሪክስ፣ ከቬክተርና ከፊዚክስ ጋር ነው፤ አንዲት ኳስ ግድግዳ መትታ እንድትነጥር ኮምፒውተሩ ስሌቱን አብዛኛውን ጊዜ በሰከንድ 60 ጊዜ ይደጋግመዋል። እኔም በዚሁ ሙያ የምተዳደር ፕሮግራመር ነኝ። በሥራ ሰዓት ተጫወትሁ ከተባለ አንድ በር ለምን እንደማይዘጋ ለማወቅ ግማሽ ቀን ስከፍተውና ስዘጋው ውያለሁ ማለት ነው።

ልጅዎ የመረጠውም ቀላል ቦታ አይደለም። ዲጂፔን ተማሪዎቹን በቡድን እያደራጀ ጌም ያሠራቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2005 በዚያ የነበሩ ተማሪዎች «ናርባኪውላር ድሮፕ» የተባለ ጌም ሠርተው ነበር። ቤልቪው ያለው ቫልቭ የተባለው የጌም ኩባንያ ጌሙን አይቶ ሠሪዎቹን ቀጠራቸው፤ ሐሳቡም ዳብሮ በ2007 «ፖርታል» ሆኖ ለገበያ ቀረበ። ልጅዎ ይህን ታሪክ በቃሉ እንደሚያውቀው አልጠራጠርም። እናንተ ወላጆች ግን ቫልቭ ያየው የተጠናቀቀ ሥራ እንደነበረ ልብ በሉልኝ።

ያም ሆኖ ዝንባሌው ፕሮግራም መጻፍ ከሆነ እኔ ለኮምፒውተር ሳይንስ አደላለሁ። የጌም ሥራ አይታመንም። እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ማይክሮሶፍት ብቻውን ከጌም ክፍሉ 1,900 ሠራተኞች እንደሚያሰናብት አስታውቋል። እንዲህ ያለ ቀን ሲመጣ ኮምፒውተር ሳይንስ የተማረውን ባንክም ሆስፒታልም ይቀጥረዋል። በእርግጥ የዲጂፔን ዋናው የፕሮግራም ዲግሪም የኮምፒውተር ሳይንስ ነው፤ ከገባም በዚያ በኩል ይግባ። ልጁ ሠዓሊ ከሆነ ግን ይህን ሁሉ ይተዉትና ጠንካራ የሥዕል መምህራን ያሉበትን ኮሌጅ ይፈልጉ።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ዕድለኛ ነዎት። በዋሽንግተን ግዛት «ራኒንግ ስታርት» በሚባለው ፕሮግራም የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቶ ያለ ትምህርት ክፍያ ይማራል፤ ኮርሱም ለሁለተኛ ደረጃውም ለኮሌጁም ይታሰብለታል። መጽሐፍና መጓጓዣ ከኪስ ነው። ለእናንተ ግሪን ሪቨር ኮሌጅ ቅርብ ነው። ካልኩለስንና የመጀመሪያውን የፕሮግራም ኮርስ እዚያ ይሞክር። ካልኩለስ ካስመረረው አሁን ቢታወቅ ይሻላል፣ ከኪስዎ ብዙ ሳይወጣ። ክሬዲቱን ወደ ግል ኮሌጅ ለማዛወር ካሰባችሁ ግን የትኛው እንደሚቆጠርለት አስቀድማችሁ በጽሑፍ ጠይቁ፤ የቃል ተስፋ አይበቃም።

ኮሌጅ ልትጎበኙ ስትሄዱ በትልልቁ ስክሪንና በሚያምረው ወንበር አትታለሉ። የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች የሠሩትን ጌም አሳዩን በሉ፤ ልጁም ተቀምጦ ይጫወተው። ካለፈው ዓመት ተመራቂዎች ስንቱ በሙያው እንደተቀጠሩና የት እንደተቀጠሩ ጠይቁ። አስጎብኚው ወሬውን ወደ ካፌው ካዞረባችሁ መልሳችሁን አግኝታችኋል።

እስከዚያው ክረምቱን ይሥራበት። ጎዶት የሚባለው የጌም መሥሪያ በነጻ ይገኛል፤ ልጅዎ የሚጠቀምበትም ኮምፒውተር ሳይበቃው አይቀርም። አንድ ደረጃ ብቻ ያለው ጌም ሠርቶ ይጨርስ፤ ጀምሮ የሚተወው ብዙ ነውና የምጠይቀው መጨረሱን ነው። ማመልከቻው ላይ የሚያሳየው ሥራም ይሆነዋል። ፋፍሳ የሚባለውን፣ ለኮሌጅ የፌዴራል መንግሥት የገንዘብ ድጋፍ የሚጠየቅበትን ቅጽ ደግሞ የትም ቢገባ 12ኛ ክፍል ሲደርስ በመኸር ወራት እንደተከፈተ ሙሉት፤ ገቢያችሁ የሚፈቅድ ከሆነ የዋሽንግተን ግዛት የኮሌጅ ድጎማም የሚታየው በዚያው ቅጽ ነው።