«ጡዘቱ የት ነው?» እና ሌሎች ጥያቄዎቻችሁ

ከአራት ኪሎ የጻፈችልኝ ተማሪ በአንድ አጭር ልቦለድ የተነሣ ከጓደኛዋ ጋር ተነታርካለች። ታሪኩ ባጭሩ ይኸው። ሁለት ወንድማማቾች በውርስ ቤት ተኮራርፈዋል። ታናሹ ታሞ ሆስፒታል ተኝቷል። ታላቁ እቁብ ወጥቶለት ብሩን በኪሱ ይዞ ይሄዳል። በር ላይ ቡና የምትሸጥ ሴት አለች። እዚያው ቆሞ ያመነታል፤ የድሮው ጠብ ትዝ ይለዋል። መጨረሻ ላይ ካሸር መስኮት ሄዶ ሒሳቡን ይከፍልና ወንድሙን ሳያይ ይመለሳል። እሷ ጡዘቱ፣ ማለትም የታሪኩ ውጥረት ጫፍ የሚደርስበት ቦታ፣ ጠቡ ነው ባይ ናት፤ «ድንጋይ ተማዘዋል እኮ!» ጓደኛዋ ክፍያው ነው ትላለች።

ጓደኛሽ ልክ ናት። ድንጋይ ስለተነሣ ጡዘት አይሆንም። አንባቢውን ልቡን የሰቀለው «ሰውዬው ብሩን ምን ያደርገዋል?» የሚለው ነው። እሱ ደግሞ የሚለይለት መስኮቱ ላይ ነው። ጠቡማ በምልሰት (ታሪኩ ወደ ኋላ ተመልሶ ሲነገር) የመጣ፣ ድሮ ያለቀ ጉዳይ ነው።

ወረቀት አውጪና ድርጊቶቹን ሁለት ጊዜ ደርድሪ፤ አንዴ በተፈጸሙበት፣ አንዴ በተጻፉበት ቅደም ተከተል። በመጀመሪያው ጠቡ አንደኛ ነው። በሁለተኛው ከክፍያው በፊት ይገባል። ለምን? ከመነሻው ቢነገረን ኖሮ ሰውዬውን ቂመኛ ብለን እናልፈው ነበር። ብሩ ኪሱ ውስጥ፣ እግሩ በር ላይ እያለ ስንሰማው ግን ማመንታቱ ይገባናል። ይህን ከጻፍሽ ተነተንሽ ማለት ነው። «ከዚያ ሄደ፣ ከዚያ ቆመ፣ ከዚያ ከፈለ» ትረካውን መድገም ነው፤ የሚላክልኝ አብዛኛው «ትንተና» ግን ይኸው ነው፣ ሰለቸኝ። ሴራ፣ ማለትም ድርጊቶቹ በምክንያትና ውጤት የተያያዙበት ሰንሰለት፣ «ከዚያ»ን ሳይሆን «ስለዚህ»ን ይፈልጋል። እቁቡን አውጥተሽ ሞክሪ፤ ታሪኩ ይፈርሳል። ቡና ሻጯን አውጪ፤ ምንም አይሆንም። እሷ የመቼቱ፣ ታሪኩ የሚፈጸምበት ጊዜና ቦታ፣ አካል ናት።

አጭር ልቦለድ ስንት ገጽ ነው ላላችሁኝ፦ አሜሪካዊው ደራሲ ኤድጋር አላን ፖ በአንድ ቁጭታ የሚነበብ ይሁን ብሏል። ገጽ ቆጠራውን ለማተሚያ ቤት ተዉት።

ፒያሳ ካፌ ተሰብስበው የሚያነቡ ወዳጆች ደግሞ «አምስቱ የሴራ ደረጃዎች አልሞላ አሉን» ይላሉ። አይሙሉ! ይህን ባለአምስት ደረጃ መሰላል የሠራው ጀርመናዊው ጸሐፊ ጉስታቭ ፍራይታግ ነው፣ በ1863 እ.ኤ.አ.፤ ያጠናውም ድራማን ነው። አጭር ልቦለድ መግቢያውን ዘሎ ግጭቱ መሃል ሊጀምር፣ ጡዘቱ ላይም ሊያቆም ይችላል። «ልቀት (ግጭቱ የሚፈታበት መደምደሚያ) የለውም» ብላችሁ ጻፉና ደራሲው ለምን እንደተወው ተከራከሩ።

«የልጄን የቤት ሥራ እስከ ሰኞ ይተንትኑልኝ» ያሉኝ አባት፦ አልተነትንም። ልጁ ያንብበው።

የቆዩ የአማርኛ ልቦለዶች የት ይገኛሉ ላልከኝ፦ ወመዘክር፣ ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍት፣ ሄደህ ጠይቅ።

የመጨረሻው ከሜክሲኮ ነው። ጸሐፊው «በውርስ ስለተጣሉ ወንድማማቾች የጻፍኩትን ሴራ ጓደኛዬ ሰረቀኝ» ብሎ ሊከስ ተነሥቷል። ወንድሜ፣ በውርስ የተጣሉ ወንድማማቾች የማንም ንብረት አይደሉም። የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሐሳብን ለብቻው አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው የተጻፈበትን አገላለጽ ነው። ዓረፍተ ነገሮችህን ገልብጦ ከሆነ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ይህን ደግሞ እኔ አልፈርድም። ሁለቱንም ጽሑፍ ይዘህ ጠበቃ ጋ ሂድ። የምሬን ነው፣ ፌስቡክ ላይ ስሙን ከማንሳትህ በፊት ሂድ፤ ስም ማጥፋት ተከሳሹ አንተ እንድትሆን ያደርጋል።