ከእርሳሱ በፊት ጣታቸው ይማር

ልጆቼ፣ ዘንድሮ ኬጂ ልታስተምሩ የምትገቡትን ነው የምላችሁ። ፒያሳ አካባቢ 31 ዓመት ሕፃናት አስተምሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ መቅረት አልፈልግም።

በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጉብዝናዬን የምለካው በደብተር ነበር። የአራት ዓመት ልጅ «ሀ»ን ገጹን ሙሉ ጽፎ ቤቱ ሲገባ ወላጅ ደስ ይለዋል። እርሳሱን በጡጫው ጨብጦ ወረቀቱን የሚበሳ አንድ ልጅ ነበረኝ። እጁን ይዤ አጽፈው ነበር። ደብተሩ ሞላ፣ ወላጆቹም አመሰገኑኝ። የጻፍኩት ግን እኔ ነበርኩ። እሱን ሳስብ እስከ ዛሬ ያመኛል።

በዚያ ዕድሜ የእጅ አንጓ አጥንት እንኳ ገና ተሠርቶ አላለቀም። ጣታቸው መጀመሪያ ያድቦልቡል፣ ይቅደድ፣ ዶቃ ይሰካ። እኔ ዱቄት አቡክቼ እሰጣቸው ነበር። አንድ ቀን ልጅ ሊወስዱ የመጡ አያት አዩና «በእህል ይጫወታሉ እንዴ?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ከዚያ ወዲህ ቀጨኔ ሸክላ ከሚሠሩ እናቶች አፈር እያመጣሁ ጭቃ ሆነ ሥራችን።

ፊደሉን ደግሞ በጣታቸው ያንብቡት። ሐኪሟ ማሪያ ሞንቴሶሪ፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1907 ሮም ውስጥ የልጆች ቤት ከፍታ ነበር። ሸካራ ወረቀት በፊደል ቅርጽ ቆርጣ ልጆች በጣታቸው እንዲከተሉት ታደርግ ነበር። ለእኛ ፊደል ይህ እንደ ተሠራለት ነው። ብርጭቆ ወረቀት ገዝታችሁ በካርቶን ላይ «በ»ን ለጥፉ። ቀጥሎ «ቡ»ን ስጡት። ጣቱ ከቀኝ እግሩ መሃል ላይ የወጣች ቅጥያ ያገኛል። «ቢ» ላይ ያቺው ቅጥያ እግሩ ሥር ወርዳለች። «ባ» ላይ ግራው እግር ያጥራል። «ቤ» ላይ ቀለበት አለች። ይህን አንዴ በጣቱ ያገኘ ልጅ «ተ» እና «ቸ» ላይ ሲደርስ ራሱ መፈለግ ይጀምራል። ያኔ እናንተ ዝም በሉ። ከሥራችን ሁሉ የከበደኝ እሱ ዝምታ ነበር።

ለቁጥር የሃይላንድ ክዳን ይበቃል። ስትሰጡ ቁጠሩ፣ ስትሰበስቡም ቁጠሩ፤ ትንንሽ ነገር አፍ ውስጥ ይገባል።

ባቄላም አብቅሉ፣ በተቆረጠ ሃይላንድ ውስጥ፣ በእርጥብ ጥጥ ላይ። ውኃ አታብዙ፣ ይሻግታል። ሥሩ ሲወጣ ባቄላውን ገልብጡትና ጥቂት ቀን ጠብቁ። ሥሩ ተጠማዝዞ እንደገና ወደ ታች ይሄዳል። «ማን ነገረው?» ብላ የጠየቀችኝን ልጅ አልረሳትም። እኔም ወዲያው አልመለስኩላትም፤ ሌላ ባቄላ ሰጠኋት።

ወላጆች ደብተሩን ገልጠው «ባዶ ነው» ይሏችኋል። አትቆጡ፣ ለልጃቸው አስበው ነው። ጠዋት ክፍል አስገቧቸው። ልጁ ዓይኑን ጨፍኖ ካርቶኑን ይዳስስና «ቤ ናት» ሲል በጆሯቸው ይስሙት።