መልስ፦ ከልጆች ጋር ቅዳሜና እሁድን በቢሾፍቱ የውሃ ፓርክ ስለማሳለፍ

ከካዛንቺስ ተነስታችሁ ከሁለት ልጆች ጋር ወደ ኩሪፍቱ የውሃ ፓርክ ለመሄድ መቼ መነሳት እንደሚሻልና ማደር ያስፈልግ እንደሆነ ጠይቀዋል። ቢሾፍቱ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ብትርቅም፣ ጊዜ የሚወስደው የፍጥነት መንገዱ ሳይሆን ከመሀል ከተማ ወጥቶ የፍጥነት መንገዱ መግቢያ ቱሉ ዲምቱ እስኪደረስ ያለው መጨናነቅ ስለሆነ፣ ቅዳሜ ጠዋት ከ1 ሰዓት በፊት መነሳቱን እመርጣለሁ።

ማደሩ፣ በእኔ አስተያየት፣ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ዋጋ አለው፤ ቀኑን ሙሉ ውሃ ውስጥ የዋለ ሕፃን ማታ በመኪና መመለስ ለማንም አይመችም። በውሃ ፓርኮች ከፍ ያሉት መንሸራተቻዎች የቁመት ገደብ ስላላቸው፣ ለትንሹ ልጅ አስቀድመው ቃል አይግቡ (እኔ ቃል ገብቼ፣ በአንድ ፓርክ መለኪያው ሥር ብዙ እንባ አይቻለሁ)። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ ፀሐዩ ሳይታወቅ ቆዳ ያቃጥላል፤ ኮፍያና የፀሐይ መከላከያ ቅባት አይርሱ።

ክረምቱን ግን ይለፉት። የኢሬቻ ሰሞንም፣ እሁድ በቢሾፍቱው ሆራ አርሰዲ ሐይቅ ስለሚከበር፣ መንገዱ እጅግ ይጨናነቃል።