ለወጣት ገማቾች፦ የድሮውን ግምት መቼ ትከፍቱታላችሁ?

ይህን የምጽፈው ባንክ ገብታችሁ የመያዣ ንብረት መገመት ለጀመራችሁ ወጣት መሐንዲሶች ነው። ብዙዎቻችሁ አንድ ጥያቄ ታነሱልኛላችሁ። «ቤቱ ከዚህ በፊት ተገምቷል፣ ፋይሉም እጄ ላይ ነው። ልየው ወይስ ልተወው?»

እዩት። የዋጋውን ገጽ ግን የራሳችሁን ግምት ጨርሳችሁ ከጻፋችሁ በኋላ ክፈቱት።

እ.ኤ.አ. በ1987 ኖርዝክራፍትና ኒል የተባሉ ተመራማሪዎች አሪዞና ውስጥ፣ ቱሳን ከተማ፣ የቤት ሽያጭ ወኪሎችን አንድ ቤት አስጎበኙ። ስለ ቤቱ ለሁሉም የሰጡት መረጃ አንድ ዓይነት ነበር። የተለየው ሻጩ ጠየቀ የተባለው ዋጋ ብቻ ነው። ከፍ ያለውን ዋጋ ያዩት ከፍ አድርገው ገመቱ፤ ዝቅ ያለውን ያዩትም ዝቅ አደረጉ። ሲጠየቁ ግን አብዛኞቹ በዚያ ዋጋ ላይ እንዳልተመሠረቱ ተናገሩ። ሥራው እንጀራቸው የሆነ ሰዎች ናቸው እንግዲህ። ስለዚህ «እኔ ባየውም ለውጥ አያመጣብኝም» የሚል ወጣት ስሰማ ያሳስበኛል።

እኛ ጋ ነገሩ ይብሳል። የአሜሪካ ገማቾች የሙያ ደንብ፣ ቤቱ ባለፉት 3 ዓመታት ተሽጦ ከሆነ ሽያጩን መርምሩ ይላል። እዚህ አዲስ አበባ ግን ውል ላይ የሚሰፍረው ዋጋ ብዙ ጊዜ በእጅ ከተከፈለው ያነሰ ነው። ደላላው የሚነግራችሁም ሌላ ነው። የሚጨበጥ ነገር ሲጠፋ፣ ፋይል ውስጥ ፊርማና ማኅተም ያለበት ቁጥር ስታገኙ ልባችሁ ያርፋል። የምፈራው ይህንኑ ነው።

ቁጥሩ የተጻፈበትንም ጊዜ አስቡ። ሐምሌ 2016 ላይ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። ከዚያ በፊት በካሬ ሜትር የተያዘ ዋጋ ስለ ዛሬው ሴራሚክ፣ አሉሚኒየምና የቧንቧ ዕቃ ምን ይነግራችኋል? «በድሮው ላይ ይህን ያህል ፐርሰንት ጨምርበት» የሚባለውንም አሠራር አልወደውም። የድሮው ከመነሻው ተሳስቶ ከሆነ ስህተቱም አብሮ ያድጋል።

አንድ ፋይል ላሳያችሁ። ብድሩ በተደጋጋሚ የታደሰበት ቤት ነው። ሪፖርቶቹ ሁሉ ግቢው ውስጥ ባለ አራት ክፍል የብሎኬት ሰርቪስ አለ ይላሉ። ሁሉም «ብሎኬት» የሚለውን «ብኬሎት» ብለው ጽፈዋል፤ ግድፈቱ ሳይቀር ተገልብጧል። ግቢው ስገባ ሰርቪሱ የለም። በቦታው ሲሚንቶ ፈሶበት መኪና ቆሟል። ጎረቤት ብጠይቅ፣ መንገዱ ሲሰፋ አጥሩ ወደ ውስጥ ገብቶ ያኔ ፈረሰ አሉኝ። ስለዚህ ካርታው ላይ ያለው የቦታ ስፋትም ትክክል አይደለም ማለት ነው። ያ ሁሉ ፊርማ ባለበት ፋይል ሜትር የዘረጋ ሰው አልነበረም።

ታዲያ ለምን እዩት እላለሁ? አንዳንድ ነገር ዛሬ በዓይን አይታይም። ቤቱ በባንክ ብድር የተሠራ ከሆነ፣ ገንዘቡ በየደረጃው ሲለቀቅ የሄደ መሐንዲስ መሠረቱ ምን ያህል እንደተቆፈረ፣ ብረቱ እንዴት እንደታሰረ ጽፎ ይሆናል። አሁን ያ ሁሉ አርማታ ውስጥ ነው። እንዲህ ያለ ሪፖርት ወርቅ ነው። ሥዕሉን፣ የግንባታ ፈቃዱን፣ ወሰኑን አንብቡ፤ ከዚያ ወርዳችሁ ለኩ። የዋጋውን ገጽ ግን አስቀድማችሁ ነጥሉትና ባልደረባ ጋ አስቀምጡት።

ግምታችሁን ጨርሳችሁ ስታስተያዩት ብዙ ከተራራቀ ወደ ግቢው ተመለሱ። ያመለጣችሁ ነገር ካለ አርሙ። ከሌለ ልዩነቱ ከምን እንደመጣ በጽሑፍ አስረዱ። ለሰላም ብላችሁ መሀል ላይ አትገናኙ። ደንበኛው «ባለፈው እኮ ከዚህ በላይ ተገምቶልኝ ነበር» ይላችኋል፤ የቅርንጫፉ ሥራ አስኪያጅም ይደውላል። በትሕትና የለካችሁትን አሳዩ።

ከሁሉም በላይ ለሐራጅ በሚገመት ቤት ላይ ተጠንቀቁልኝ። በአዋጅ ቁጥር 97/1990 መሠረት ባንክ መያዣውን ፍርድ ቤት ሳይሄድ መሸጥ ይችላል። የሐራጁ መነሻ ዋጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ የእናንተ ግምት ነው። ከዕዳው የሚተርፈው ገንዘብ የባለቤቱ ነው፤ ቤተሰቡ ሌላ ቦታ ኑሮ የሚጀምረው በእሱ ነው። ያረጀ ቁጥር ገልብጣችሁ መነሻውን ዝቅ ብታደርጉት የምታስቀሩት ያንን ገንዘብ ነው። እንዲህ ያለ ቤት ሲመጣላችሁ፣ ለብድሩ ጊዜ የገመታችሁት እናንተው ከሆናችሁ፣ ሌላ ገማች እንዲመደብ ጠይቁ።