ኮሌጅ ፉትቦል ልትጫወቱ ለምትገቡ ልጆች

ውድ ልጆች፣

በዚህ ሰመር ሻንጣችሁን ይዛችሁ የአሜሪካ ፉትቦል ካምፕ፣ ማለትም የውድድር ዘመኑ የዝግጅት ልምምድ፣ የምትገቡ የሐበሻ ልጆች ብዙ አይደላችሁም፤ ይህን የምጽፈው ግን ለእናንተ ነው። ስለ ጨዋታው አሰልጣኞቻችሁ ይበቃሉ። የእኔ ሙያ የተጫዋች ጤና ስለሆነ የምናገረውም ስለዚያ ነው። ከምመክራችሁ ሁሉ የሚበልጥብኝ አንድ ነገር ነው፦ ሰውነታችሁ የሚነግራችሁን ቶሎ ተናገሩ። ያደግነው «ቻል አድርገው» እየተባልን ነው። ታላቅ ፊት ማጉረምረም ነውር ነው፤ አሰልጣኝም ታላቅ ነው። ይህ ጨዋነት ቤት ውስጥ ያስመሰግናል፣ ሜዳ ላይ ግን ይገድላል።

ሜይ 29 ቀን 2018፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ብዙም በማይርቀው ኮሌጅ ፓርክ፣ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ ተጫዋቾች ከሳምንታት እረፍት ተመልሰው ሩጫ ላይ ነበሩ፤ አሥር ጊዜ፣ በየጊዜው 110 ያርድ። ጆርዳን ማክኔር የ19 ዓመት ልጅ ነበር፤ በማጥቃት መስመር የሚሰለፍ ግዙፍ ላይንማን። ሩጫው ላይ ደከመ፣ መቆም አቃተው። ሆስፒታል ሲደርስ የሰውነቱ ሙቀት 41 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነበር፤ ጁን 13 አረፈ። በኋላ የተደረገው ገለልተኛ ምርመራ እንዳሳየው ሙቀቱ በወቅቱ አልተለካም፣ በበረዶ ውሃ አልተነከረም፣ አምቡላንስ የተጠራውም ምልክቱ ከታየ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ ነው። ዩኒቨርሲቲውም የሕግና የሞራል ኃላፊነቱን በይፋ ተቀበለ።

የዚያ ቡድን የ2018 የውድድር ዘመን እንዴት እንዳለፈ ማወቅ አለባችሁ። ሴፕቴምበር 1 ከቴክሳስ ጋር ሲጫወቱ የመጀመሪያውን ኳስ ለማጥቃት የተሰለፉት በአሥራ አንድ ፈንታ አሥር ሆነው ነው፤ የጆርዳን ቦታ ክፍት ነበር። ሰዓት በማሳለፍ ቅጣት ተሰጠባቸው፣ ቴክሳስ ግን ቅጣቱን አልቀበልም አለ። 34 ለ 29 አሸነፉ። ኦክቶበር ላይ ዋናው አሰልጣኝ ተሰናበተ። ኖቬምበር ላይ በኦሃዮ ስቴት በተጨማሪ ሰዓት 52 ለ 51 ተሸነፉ፣ መጨረሻቸውም 5 ድል በ7 ሽንፈት ሆነ። ቦውል፣ ማለትም የውድድር ዘመኑ መዝጊያ ጨዋታ፣ ለመግባት አብዛኛውን ጊዜ 6 ድል ያስፈልጋል። እነዚያ ልጆች ጓደኛቸውን ቀብረው 12 ጨዋታ ተጫወቱ፤ ይህን ያህል ሸክም ወጣት ትከሻ ላይ መጫን አልነበረበትም።

አሁን ወደ ሥራው። ሰውነት ሙቀት የሚለምደው ከ10 እስከ 14 ቀን ውስጥ ነው። ቀደም ብሎ ማላብ ይጀምራል፣ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ በላብ የሚያጣው ጨው ይቀንሳል። ቤት ቁጭ ብላችሁ፣ ኤሲ ውስጥ ከርማችሁ ከገባችሁ ይህ ሁሉ ከዜሮ ይጀምራል። ለዚህ ነው በኤን ሲ ኤ ኤ (የኮሌጅ ስፖርት የበላይ አካል) ሕግ የካምፑ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት በሄልሜት ብቻ የሚሆኑት፤ የትከሻ መከላከያው ቀጥሎ ይመጣል፣ ሙሉ ትጥቅ ከዚያ በኋላ ነው። ከ2017 ጀምሮም በቀን ሁለት የግጭት ልምምድ ማድረግ ተከልክሏል። እናንተ ደግሞ ካምፑ ሊጀመር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ውጭ መሮጥ ጀምሩ፤ በ20 ደቂቃ ጀምራችሁ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ሰዓት አድርሱት። ግዙፎቹ፣ በተለይ ላይንማኖች፣ ከሌላው የበለጠ ተጠንቀቁ። ትልቅ ጡንቻ ብዙ ሙቀት ያመነጫል፣ ሙቀቱ የሚወጣበት ቆዳ ግን በዚያው ልክ አያድግም።

ከልምምድ በፊትና በኋላ ተመዘኑ፤ ላብ የጠጣ ልብስ ስለሚያሳስት በደረቅ ቁምጣ ብቻ። 100 ኪሎ ሆኖ የገባ ልጅ 98 ሆኖ ከወጣ 2 በመቶ ቀንሷል፣ ይህ ከበቂ በላይ ነው። ለጠፋው እያንዳንዱ ኪሎ ከአንድ ሊትር ተኩል የማያንስ ፈሳሽ እስከ ማታ ከፋፍሎ ይጠጣ፣ ከጨው ያለው ምግብ ጋር። ውሃ ብቻ ያለ ጨው መጋት ሌላ አደጋ አለው፤ የደም ጨው ይወርዳል፣ ራስ ያማል፣ ያስመልሳል። ከልምምድ በኋላ ክብደቱ የጨመረ ልጅ ካለ ከመጠን በላይ ጠጥቷል ማለት ነው። ክብደታችሁ በማግስቱ ጠዋት ካልተመለሰ ሜዳ ከመውረዳችሁ በፊት ለጤና ባለሙያው ንገሩ።

በሙቀት የተመታ ሰው ሁልጊዜ አይወድቅም። ይወላገዳል፣ ያለ ምክንያት ይቆጣል፣ የሚታወቅ ነገር ስትጠይቁት የማይገናኝ መልስ ይሰጣል። ላቡ እየወረደም ሊሆን ስለሚችል «ገና እያላበው ነው» ብላችሁ አትዘናጉ። በብብት ወይም በግንባር የሚለካ ሙቀት በላብና በነፋስ ይዛባል፤ የሚታመነው በፊንጢጣ የሚለካው ነው። ከ40 ዲግሪ ካለፈና አእምሮው ከተምታታ አንገቱ ብቻ እስኪቀር በረዶ ያለበት ውሃ ውስጥ ይግባ፤ ውሃው ከ15 ዲግሪ በታች ይሁን፣ ሳይቋረጥ ይማሰል፣ አንድ ሰው ከኋላ በብብቱ ይያዘው፣ ራሱ ላይ እርጥብ ፎጣ ይደረግ። 911 ወዲያው ይደወል፣ ልጁ ግን ወደ 39 ዲግሪ ሳይወርድ ከውሃው አይውጣ። በ30 ደቂቃ ውስጥ የቀዘቀዘ ልጅ በሕይወት ይተርፋል ማለት ይቻላል። ጓደኛችሁ እንዲህ ከሆነ የአሰልጣኙን ፈቃድ አትጠብቁ፤ ጩኹ።

ስለ ጾም በግልጽ እንነጋገር፤ ሌላ ማንም አያነሳላችሁም። ፍልሰታ ከኦገስት 7 እስከ 21 ነው፣ ማለትም የካምፑ ከባድ ቀናት ላይ በቀጥታ ይወድቃል። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምግብና ውሃ ሳይቀምሱ ጠዋት ሙሉ ትጥቅ ለብሶ መጋጨት አይቻልም፤ ይህን እንደ ባለሙያ በእርግጠኝነት እናገራለሁ። ጁን ላይ የንስሐ አባታችሁን አማክሩ፤ ሥራችሁንና የልምምዱን ሰዓት በዝርዝር ንገሯቸው። ከዚያ የቡድኑን የሥነ ምግብ ባለሙያ አግኙ። የፍስክ ምግብ ብቻ የምትተው ከሆነ ችግሩ ፕሮቲን ነው። 100 ኪሎ ለሚመዝን ተጫዋች በቀን 160 ግራም ገደማ ያስፈልገዋል፤ አንድ የአሜሪካ መለኪያ ካፕ የበሰለ ምስር የሚሰጠው 18 ግራም ብቻ ስለሆነ በምስርና በሽሮ ብቻ አይደረስበትም። የአኩሪ አተር ወተት፣ ቶፉ፣ ኦቾሎኒና የአተር ፕሮቲን ዱቄት ይጨመር። ኖቬምበር መጨረሻ ላይ የነቢያት ጾም ይገባል፤ ያኔ ሙቀቱ የለም፣ ክብደት መቀነሱ ግን አለ። ሙስሊም ወንድሞቻችን ደግሞ በእነዚህ ዓመታት ረመዳን ወደ ስፕሪንግ ልምምድ ስለተጠጋባቸው ሰሑርና ኢፍጣር ከልምምዱ ሰዓት ጋር እንዲገጥም ከወዲሁ ይጠይቁ። አሰልጣኞች የሚቆጡት ሳይነገራቸው ቀርቶ በኋላ ሲያውቁት ነው።

ጫት አትንኩ። በውስጡ ያለው ካቲኖን የሰውነትን ሙቀት ከፍ የሚያደርግ አነቃቂ ነው፤ አነቃቂዎች በኤን ሲ ኤ ኤ የተከለከሉ ናቸው፣ የአሜሪካ ሕግም ካቲኖንን ይከለክላል። የእናታችሁ ቡና ግን ችግር የለውም።

ሴፕቴምበር ላይ ሳምንቱ ቅርጽ ይይዛል። ቅዳሜ ጨዋታ፣ እሑድ ሕክምናና ቪዲዮ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከባድ ልምምድ፣ ሐሙስ ቀለል ያለ። ሕጉ በሳምንት ከ20 ሰዓት፣ በቀን ከ4 ሰዓት አያሳልፍም፣ አንድ ቀንም እረፍት ይሰጣል፤ ሕክምናው ግን በዚህ አይቆጠርም። እሑድ ጠዋት ምንም ባያማችሁም ሕክምና ክፍል ግቡ። ቅዳሜ ማታ ያልተሰማ የቁርጭምጭሚት እብጠት እሑድ ይታያል፤ ያን ቀን የተያዘ በቀናት ይድናል፣ ማክሰኞ ከባድ ልምምድ ላይ የተባባሰው ሳምንታት ይወስዳል።

ጭንቅላት ላይ ግን ድርድር የለም። ኮንከሽን፣ ማለትም በምት የመጣ የአንጎል መናወጥ፣ የተጠረጠረበት ልጅ ያን ቀን አይመለስም። ከዚያ ደረጃ በደረጃ ነው፦ ቀላል እንቅስቃሴ፣ ብስክሌት ወይም ሩጫ፣ ግጭት የሌለው የኳስ ሥራ፣ ሙሉ ልምምድ፣ ጨዋታ። በየደረጃው መካከል ቢያንስ 24 ሰዓት ያልፋል፤ ምልክቱ ከተመለሰ አንድ ደረጃ ወደ ኋላ ነው። ሰመር ላይ የሚደረገውን፣ ከጭንቅላት ጉዳት በኋላ ለማነጻጸሪያ የሚያገለግለውን የማስታወስና የፍጥነት ፈተና በኋላ ቶሎ ለማለፍ ብለው ሆን ብለው የሚሳሳቱ አሉ፤ የራሳቸውን መከላከያ ነው የሚያፈርሱት። ተጫዋች ይመለስ አይመለስ የሚለውን የሚወስነው የጤና ባለሙያው ነው፣ አሰልጣኙ ሊሽረው አይችልም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው አባባል ለዚህ የተነገረ ይመስለኛል።

አንደኛ ዓመት ላይ ከጎን መቀመጥ እንደ ውርደት አይታያችሁ። ከ2018 ጀምሮ እስከ አራት ጨዋታ ተሰልፋችሁም ሬድሸርት መሆን፣ ማለትም ዓመቱ ከመጫወቻ ዓመታችሁ ሳይቆጠር ማትረፍ ትችላላችሁ። ለመሰለፍ ብላችሁ የታመመ ጉልበት አትደብቁ።

ወላጆቻችሁ የሚፈርሙት ወረቀት ብዙ ነው። እንግሊዝኛው ካስቸገራቸው አስተርጓሚ ይጠየቅ፤ እናንተ በችኮላ «ዝም ብለሽ ፈርሚ፣ እማዬ» አትበሉ። የሲክል ሴል (በዘር የሚወረስ የደም ችግር) ምርመራ ውጤታችሁን እወቁ፣ የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ አስመዝግቡ።

የመጨረሻው ጨዋታ አልቆ ከቡድኑ ስትለቁ የመውጫ ምርመራ ሳታደርጉ አትሂዱ። የታመመውን ሁሉ፣ ትንሿን ጣት ሳይቀር፣ አስጽፉና የተፈረመበትን ቅጂ ያዙ። ከኦገስት 2024 ጀምሮ በዲቪዥን አንድ፣ በኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ፣ በስፖርቱ ምክንያት የደረሰ ጉዳት ተጫዋቹ ከለቀቀ በኋላ ቢያንስ ለሁለት ዓመት ይሸፈናል፤ በመዝገብ ላይ ያልሰፈረ ጉዳት ግን በስፖርቱ የመጣ መሆኑን ማስረዳት ይከብዳል።