ሳይዘንብ የረጠበው ኮርኒስ

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ። ኅዳር ላይ የጤፍ ጭድ በማዳበሪያ አስመጥቼ ኮርኒሱ ላይ ወፈር አድርጌ አስነጠፍኩ። ክረምት ሲመጣ ቢያፈስስ ብዬ ከላይ ላስቲክ አለበስኩት። መጀመሪያ ቤቱ ሞቅ አለልኝ። ጥር ላይ ግን ኮርኒሱ ጥቁር ነጠብጣብ አወጣ፣ ሽታውም አላስቀምጥ አለን። ዝናብ የለ፣ ቆርቆሮው አልተበሳ! እማዬ «ድሮም ጭድ የከብት ነው» እያለች ትስቅብኛለች። ልጣለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ጭዱ ምን አጠፋ? ጉዱ ላስቲኩ ነው። ከምጣዱ፣ ከሻዩ፣ ከትንፋሻችሁም የሚወጣው እንፋሎት በኮርኒሱ ስንጥቅ ሽቅብ ይወጣና ጭዱን አልፎ በውርጭ የቀዘቀዘውን ላስቲክ ሲነካ ውሃ ይሆናል፣ ከዚያ መልሶ ጭዱ ላይ ይንጠባጠባል። ሌሊት ሌሊት፣ ሁለት ወር ሙሉ። ጭድ ደግሞ እርጥበቱ ከክብደቱ 20 በመቶ አልፎ ከሰነበተ መሻገቱ አይቀርም። ካላመንሽኝ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መሰላል አቁሚና የላስቲኩን ሆድ በእጅሽ ዳብሺው።

የሻገተውንማ ጣይው። አድርቄ ልመልሰው እንዳትዪ፣ ለከብትም አይሰጥ። ስታወጪው አፍና አፍንጫሽን ሸፍኚ፣ አቧራው እንዳይነሳም ውሃ ረጨት አድርጊበት። እንጨቱን ፈግፍገሽ በደንብ ሲደርቅ ኖራ ቅቢው፣ ሻጋታ ኖራ ላይ አይመቸውም።

አዲሱን ጭድ ከማስነጠፍሽ በፊት አንድ እፍኝ ይዘሽ ጠምዝዢው፤ ቀጭ ብሎ ካልተሰበረ ገና ነው፣ ፀሐይ ይምታው። ላስቲኩ አይመለስም። ቆርቆሮውም ራሱ ሌሊት ስለሚያልበው ከጭዱ በላይ አንድ ስንዝር ያህል ባዶ ተዪና ከጣሪያው ጫፍ ግራና ቀኝ ነፋስ እንዲመላለስ ክፈቺ። ክፍተቱ ላይ ወንፊት ሽቦ ይመታበት፣ አለዚያ የምታሞቂው አይጥ ነው። የመብራት ገመዱም በቱቦ ይግባ፣ ጭድና የተላጠ ሽቦ አይተማመኑም።

እማዬን ደግሞ የድሮውን ጎጆ አስታውሻት። ክዳኑ ሣር አልነበረም እንዴ? ከሥሩ ምድጃው እየጨሰ ያደርቀዋል፣ ነፋሱም በሣሩ መሃል ያልፋል፤ ላስቲክ ያለበሰው ግን አልነበረም። አሜሪካ ነብራስካ ውስጥም ግድግዳዋ ከታሰረ ጭድ በ1928 እ.ኤ.አ. የተሠራች ቤተ ክርስቲያን እስከ ዛሬ አለች።

ይሄን ሁሉ አድርገሽ እንጀራ የምትጋግሪው እዚያው ኮርኒስ ሥር ከሆነ ግን እንደገና ትጽፊልኛለሽ። ምጣዱን ወደ ውጭው ማድ ቤት አውጪው፣ ካልሆነም ከበላዩ የጭስ መውጫ አስበጂለት።